ሰንጢ ወደ ተወለደበት ከተማ

ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ የሚያዘነብልበት አንዳንድ ነገር አለው። አንዱ ፈረስ ይወዳል፤ አንዱ ጠመንጃ ይወዳል፤ አንዱም የቈየ መጽሐፍ ያገኘ እንደ ሆነ ምሳውን ይረሳል። እኛ የምንወደው ሰንጢ ነው፤ ይኸውም ስለቱ ወደ እጀታው ታጥፎ የሚገባ፥ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ካራ ማለት ነው። ነገሩ ትንሽ ስለ ሆነ የሚስቅብን ወዳጅ አላጣንም። ዳሩ ግን ብርቱካን የሚላጥ፥ ገመድ የሚቈረጥ ወይም የታሸገ ደብዳቤ የሚከፈት በሆነ ጊዜ ያው የሳቀብን ወዳጅ እጁን የሚዘረጋው ወደ እኛ ነው።

በቤታችን ከወይራ እንጨት የተሠራ አንድ ሣጥን አለ፤ በውስጡም አርባ አንድ ሰንጢዎች በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱም የየራሱ ታሪክ አለው። እጀታው ከእንጨት የሆነው ከሳቯይ ተራሮች የመጣ ነው፤ ይህን ዓይነት ሰንጢ በ1890 ዓ.ም. ያወጣው ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል፥ አባቱ መጥረቢያና ማጭድ የሚሠራ፥ የ18 ዓመት ጐልማሳ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስታውሱልን።) ቀይ እጀታ ያለው ደግሞ የስዊስ ነው። ካርል ኤልዜነር በ1884 ዓ.ም. በኢባኽ መንደር ሥራ ቤት ከፍቶ ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገሩ ሠራዊት ሰንጢ አቀረበ፤ እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜም ስማቸውን ለሥራው መለያ አደረገው። የእናቱን ስም በሐውልት ከማስቀረጽ ይልቅ በየወታደሩ ኪስ ማስገባቱ መልካም አሳብ ሆኖ ታይቶናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፥ ከሁሉ የምናስበልጣት አንዲት ሰንጢ አለች፤ እርሷም በሣጥኑ ውስጥ ሳትሆን በኪሳችን የምትኖር ናት። አባታችን ቁም ጸሐፊ ነበሩ። መስመር ለማውጣት ወስፌ፥ ብራና ለመፋቅ መፋቂያ ነበራቸው፤ የመቃ ብርዕ ለመቅረጽና የተሳሳተውን ፊደል ከብራናው ላይ በቀስታ ለማንሣት ግን ከዚህች ሰንጢ በቀር ሌላ አይነኩም ነበር። ከአራዳ ገበያ በወጣትነታቸው የገዟት ናት። እጀታዋ ጥቍር ቀንድ ነው፤ ስለቷም ከመሳል ብዛት የወርዷን እኩሌታ አጥታ እንደ ወይራ ቅጠል ቀጥናለች። በስለቷ ሥር ስድስት የላቲን ፊደላት ታትመዋል፤ ሲነበቡም ቲዬር ይላሉ፤ የመጨረሻው ፊደል ተጽፎ የማይነበብ ነው። በልጅነታችን ይህ የሠሪው ስም ይመስለን ነበር። የከተማ ስም መሆኑን ያወቅነው ካደግንና ፈረንሳይኛ ከተማርን በኋላ ነው።

እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ ትንሿን የኪስ ሰንጢ «የብርዕ ካራ» በሚል ስም ይጠሯታል፤ አያቶቻቸው የዝይ ላባ እየቀረጹ ይጽፉባት ነበርና ነው። ላባው ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። በአባታችን እጅ ግን ስሙም ሥራውም አንድ ሆኖ ስናይ አደግን።

አባታችን ካረፉ በኋላ ሰንጢዋን ለሃያ ስድስት ዓመት በኪሳችን ይዘን ኖርን። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሸንኰራ ስንልጥባት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ በጀርባዋ ያለው ሞላ ተሰብሮ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለቷ አልቆም አለች፤ ቢከፍቷት እንቅልፍ እንደ ጣለው ሰው አንገት ወደ ታች ትወድቃለች። እዚሁ በከተማችን ለአንድ ሠራተኛ ብንሰጣት ችንካሯን በመዶሻ አጥብቆ መታና የቀንዱን እጀታ ሰነጠቀብን። ሰውየውን አልተቈጣነውም፤ ፈልገን የሰጠነው እኛ ነን። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ለማንም ለማሳየት ፈራን፤ እንግዲህ የሚያውቃት ቢኖር የወለዳት አገር ብቻ ነው አልን።

መንገዱም ቢሆን ያለ ሥጋት አልነበረም። ከ2001 ዓ.ም. በፊት በብዙ አገር አጭር ስለት ያላትን ሰንጢ በኪስ ይዞ ወደ አይሮፕላን መግባት የተፈቀደ ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከደረሰው ጥፋት በኋላ ግን ይህ ተከለከለ፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። እኛም ልማድ አሸንፎን በአንድ የውጭ አገር አይሮፕላን ማረፊያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዝነውን ሰንጢ በኪሳችን ረስተን ተገኘን። ፈታሹ በትሕትና ወስዶ ከመቀሶችና ከጥፍር መቍረጫዎች ጋር በአንድ ሣጥን ጣለው። ስለዚህ በዚህ ጕዞ የአባታችንን ሰንጢ በሦስት ካልሲ ጠቅልለን በትልቁ ሻንጣ መካከል አኖርናት፤ ፓሪስ ደርሰን ሻንጣው እስኪመጣልን ድረስም የቆምንበትን ሰዓት እኛ እናውቃለን።

ከፓሪስ ወደ ደቡብ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተጕዘን ክሌርሞን ፌራን ከምትባለው ከተማ ደረስን። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ እሳታቸው የጠፋ ተራሮች ተሰልፈው ይታያሉ። ከነዚህ ዋነኛው ፑዊ ደ ዶም 1,465 ሜትር ከፍታ አለው፤ የአገሩ ሰዎችም በኵራት ያሳዩታል። እኛ የሰሜንን አምባዎች ያየን ሰዎች ኮረብታ ነው ብለን በልባችን ብናስብም አፍ አውጥተን አልተናገርንም። ከዚያም ወደ ምሥራቅ በለምለሙ የሊማኝ ሜዳ መካከል አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሄደን ቲዬር ገባን።

ቲዬር በተራራ ጐን ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት፤ ወደ አሥራ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባታል። ቁልቁለቷ አንኮበርን አሳሰበን። አንዱ ቤት በሌላው ጣራ ላይ የቆመ ይመስላል፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ ወደ ደረጃ ይለወጣል። በመካከሏ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የቈዩ፥ እንጨታቸው በግድግዳቸው ላይ እንደ ጥልፍ የተሠራ ቤቶች አሉ። በየመስኮቱም ቢላዋ፥ መላጫና ሰንጢ ተደርድሯል። ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይህች ከተማ በዚህ ሥራ ኖራለች፤ ዛሬም በፈረንሳይ አገር ከሚሠራው ስለት የሚበልጠው ከዚህ የሚወጣ ነው።

የሚያስደንቀው ግን ብረቱ የእርሷ አለመሆኑ ነው። ብረቱም የሚስለውም ድንጋይ ከሌላ አገር ተጭኖ ይመጣላት ነበር። የራሷ የሆነው በሥሯ በጥልቅ ገደል ውስጥ እየፎከረ የሚወርደው ዱሮል የሚባል ትንሽ ወንዝ ነው። ወንዙ የውሃ መንኰራኵር ያዞራል፤ መንኰራኵሩ ድንጋዩን ያዞራል፤ በዚህ ብቻ ከተማይቱ ስሟን እስከ አራዳ ገበያ ድረስ ሰደደች።

በማግሥቱ ጠዋት በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር ከምትገኝ የሥራ ቤት ገባን። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰንጢዋን ከካልሲው ፈትተን በጠረጴዛው ላይ አኖርናት። ወዲያው አላነሷትም፤ በመጀመሪያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ይህች ስለት በምን ሥራ ነው እንዲህ ያለቀችው?» ብለው ጠየቁን። «ሥጋ ሲቈርጡባት የኖረች አይደለችም፤ ያለቀችው ወደ ጫፏ ብቻ ነው።»

አባታችን የመቃ ብርዕ ይቀርጹባት እንደ ነበር፥ በፍየልና በበግ ብራናም ላይ ይጽፉ እንደ ነበር ነገርናቸው። ይህ ጽሕፈት ዛሬም በአንዳንድ ገዳማትና አድባራት አለመቅረቱን ብንጨምርላቸው ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው ስለቷን እንደ ገና ተመለከቱ። ከዚያም «ጌታዬ፥ አባትዎ ስለት መሳል ያውቁ ነበር» አሉን። ይህን ቃል ከብዙ ምስጋና አስበልጠን ተቀበልነው።

ቀጥለውም እንዲህ አሉ፤ «ሁለት መንገድ አለ። አዲስ ስለትና አዲስ ሞላ ባገባላት ሌላ አምሳ ዓመት ታገለግላለች፤ ነገር ግን የአባትዎ አትሆንም። ሞላዋን ብቻ ብለውጥ ስለቷ ቀጭን ስለ ሆነች ከሥራ ይልቅ ለመታየት ትሆን ይሆናል፤ ስሠራትም ልትሰበር ትችላለች። የሚመርጡት እርስዎ ነዎት።» ጥቂት ዝም ብለን ቈየን። ከዚያም ሞላዋን ብቻ እንዲለውጡ ለመንናቸው። «ከነገ በስቲያ ይምጡ» አሉን።

የሰንጢ ሞላ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንገልጻለን። በእጀታው ጀርባ በኩል የተኛው ረዥም ብረት የስለቱን ሥር ዘወትር ተጭኖ ይይዛል። ስለቱን በጥፍር ስበን ስናወጣው ያ ሥር ሞላውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ስለቱ ፈጽሞ ሲከፈት ደግሞ ሞላው ወደ ተዘጋጀለት ጠፍጣፋ ቦታ «ጠቅ» ብሎ ይወርዳል። ሞላው የላላ እንደ ሆነ ስለቱ በሥራ ላይ ታጥፎ ጣት ይቈርጣል፤ የጠነከረ እንደ ሆነ ጥፍር ይነቅላል። ስለዚህ የሰንጢ ሠሪ ብልሃቱ የሚታወቀው ከስለቱ ይልቅ በዚህች ድምፅ ነው። ብረቱም ዝም ብሎ ሞላ አይሆንም፤ በእሳት ግሎ ፍም ከመሰለ በኋላ በዘይት ይጠልቃል፤ በዚህ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። እንደ ገና በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ መልኩ ከገለባ ቢጫ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሠሪውም መልኩን በዓይኑ ጠብቆ በጊዜው ካላነሣው ድካሙ ከንቱ ነው።

ሁለት ቀን ያለ ሰንጢ ቈየን። እጃችን ሳናስበው ወደ ኪሳችን እየገባ ባዶውን ይወጣ ነበር። ይህንም ለመርሳት ወደ ከተማይቱ የስለት ቤተ መዘክርና ወደ ወንዙ ሸለቆ ወረድን።

በቤተ መዘክሩ የብዙ ዘመን ሰንጢዎች አሉ። በእጀታው ራስ ላይ የንብ ምስል ያለበትንና ላጊዮል የሚባለውንም በዚያ ብዙ አየን። ላጊዮል ከዚህ ወደ ደቡብ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ የከብት አርቢዎች መንደር ናት፤ ካልሜል የሚባል አንጥረኛ በ1829 ዓ.ም. በዚያ ሥራ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ስሙ ከገነነ በኋላ ብዙውን የሠሩት የቲዬር ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህም በሁለቱ መካከል ክርክር አለ። እኛ በዚህ ነገር ዳኛ መሆን አንሻም። የሣጥናችን ላጊዮል ግን ከቲዬር የተሠራ ነው፤ እስከ ዛሬም አላሳፈረንም።

በዚያ ቤት ከሰንጢዎቹ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የያዘው በግድግዳው የተሰቀሉት የቈዩ ፎቶግራፎች ናቸው። ጠባብ ሳንቃ ከሚሽከረከረው ድንጋይ በላይ ተዘርግቷል፤ በሳንቃው ላይም ሰው በሆዱ ተኝቷል። ፊቱ ከድንጋዩ በላይ፥ ሁለቱ እጆቹ ከሥሩ ሆነው ስለቱን ተጭነው ይዘዋል። በዚያ ድንጋይ ላይ ውሃ ዘወትር ይፈስሳል። እንዲህ ሆኖ ከጠዋት እስከ ማታ፥ ከልጅነት እስከ ሽምግልና ይሠራ ነበር። በጀርባውም፥ ከጕልበቱ በታች፥ ውሻው ተኝቶ ይታያል። አስቀድመን ለጨዋታ የተቀመጠ መስሎን ሳቅን። አስጐብኚያችን ግን ነገሩን ገለጸልን፤ ወንዙ በክረምት እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝና የሥራው ቤት እሳት ስላልነበረው ሰውየው እግሩን የሚያሞቀው በውሻው ገላ ነበር። ውሻው ወደ ሥራ አብሮ ይሄዳል፤ ሲመሽም አብሮ ይመለሳል። እነዚህን ሠራተኞች ከድንጋዩ የሚረጨው ጭቃ ልብሳቸውን ስለሚያቀልመው «ቢጫ ሆዶች» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ድንጋዩም አንዳንድ ጊዜ በሩጫው ላይ ሳለ ፈንድቶ ሰውየውን ይገድለው ነበር። ስለቱን የሚያንጸባርቁት ሴቶችም በዚሁ ዓይነት በሆዳቸው ተኝተው ሲሠሩ በፎቶግራፍ አይተናል።

ወደ ሸለቆው በወረድን ጊዜ ከነዚህ የሥራ ቤቶች አብዛኞቹ ፈርሰው አየን፤ በመስኮታቸው ዛፍ በቅሏል። አንደኛው «የሲኦል ጕድጓድ» በሚባለው ስፍራ ያለው፥ ዛሬ የሥዕል መመልከቻ ሆኗል። ከወንዙ ወደ ላይ ርቆ ያለው ሌላው እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ እየሠራ ኖሮ ነበር፤ አሁንም ለጐብኚ መንኰራኵሩን ያዞሩታል። በዚያ ሳንቃ ላይ ለመተኛት ፈቃድ ጠይቀን ተኛን። ሳንቃው በብዙ ሰው ደረት ለስልሶ ጐድጕዷል። ውሃው ከፊታችን በታች ይጮኻል፤ ከሥራችን የሚወጣው ብርድም በሐምሌ ወር እንኳ አጥንት ይገባል። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቻልንም፤ ወገባችንን ይዘን ተነሣን። ያን ጊዜ በወይራው ሣጥን ያሉት አርባ አንዱ ሁሉ ትዝ አሉን። የእጀታቸውን ቀንድ፥ የስለታቸውን ጥራት ስንት ጊዜ ለእንግዳ አሳይተናል፤ ስለ ሰውየውና ስለ ውሻው ግን አንድ ቀን እንኳ ተናግረን አናውቅም።

ሥራው ከዚህም የከፋበት አገር ነበር። በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ ሹካና አንዳንድ ስለት በደረቅ ድንጋይ ይሳል ስለ ነበረ ትቢያው ሳንባ ይበላ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሹካ ከሚስሉት ሰዎች ብዙዎቹ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በቲዬር ውሃው ትቢያውን ስለሚይዘው ሳንባቸውን ቢያሳርፍላቸው በምትኩ ብርድና ቍርጥማት ሰጣቸው። ያችው ሸፊልድ ናት በ1913 ዓ.ም. ሃሪ ብሪርሊ የማይዝገውን ብረት ያገኘባት። ዛሬ በየቤታችን ያለው ቢላዋ በሎሚ የማይጠቍረው ከዚያ ወዲህ ነው። የአባታችን ሰንጢ ግን የቀድሞው ብረት ስለ ሆነች ብርቱካን በነካች ቍጥር ትጠቍራለች፤ አባታችንም ከሥራ በኋላ ሳይጠርጓትና ዘይት ሳይቀቧት አያስቀምጧትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሽማግሌው ተመለስን። በደጃቸው ስንደርስ ልባችን የሚመታው ሐኪም ቤት በር ላይ እንደ ቆመ ዘመድ ነበር። ሰንጢዋን ከመሳቢያ አውጥተው ሳይከፍቷት ሰጡን። በጥፍራችን ሳብናት፤ እንቢ አለች፤ ደግመን ሳብናት፤ ወጣች፥ «ጠቅ» ብላም ቆመች። ያ ድምፅ አባታችን ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ በልጅነታችን የምንሰማው ድምፅ ነው። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ሞረዳቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ ዓይናችንን እንድንጠርግ ጊዜ መስጠታቸው እንደ ሆነ ገባን።

ጥቂት ቈይተው የተሰበረውን አሮጌ ሞላ በወረቀት ጠቅልለው አስረከቡን። የተሰነጠቀውንም እጀታ በቀጭን የናስ ችንካር አጥብቀውት ነበር፤ ስንጥቁን ግን አልሸሸጉትም። «አያቴ በሳንቃው ላይ አርባ ዓመት ተኝተዋል» አሉን፤ «አያቴ የሳሏት ስለት ትሁን አትሁን አላውቅም። ይህች ማኅተም ያለባቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ቤቱም ከተዘጋ ቈይቷል። ግን ሊሆን ይችላል።» ዋጋውን ብንጠይቃቸው አልቀበልም አሉ። ብንለምናቸውም እንቢ ካሉ በኋላ እንዲህ አሉን፤ «በእኛ አገር ሰንጢ ያለ ዋጋ ከእጅ ወደ እጅ ከሄደች ወዳጅነት ትቈርጣለች ይባላል። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ይስጡኝ፤ ከዚያ አያስበልጡ።»

ኪሳችንን ብንፈትሽ የፈረንሳይ ሳንቲም አልነበረንም፤ ያገኘነው ከአዲስ አበባ ይዘነው የመጣን አንድ ብር ነው። ሽማግሌው ተቀብለው በአንድ ፊቱ ያለውን የአንበሳ ራስ፥ በሌላውም ያለውን ሚዛን አገላብጠው አዩና ከመሣሪያዎቻቸው በላይ ባለችው ትንሽ መደርደሪያ ላይ አንበሳው እንዲታይ አድርገው አቆሙት።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሰንጢዋ እንደ ቀድሞው በካልሲ ተጠቅልላ ተጓዘች። ቦሌ ደርሰን ሻንጣችን ከሁሉ ኋላ መጣ። በቤት በተከፈተ ጊዜም ልጆች ሽቶና ጫማ ሲጠብቁ ከሦስት ካልሲ ውስጥ አሮጌ ሰንጢ ብናወጣ ቅር አላቸው። በማግሥቱ ከአባታችን ዕቃ መካከል ተርፋ የነበረችውን ደረቅ መቃ አውጥተን ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥን። አቀራረጹን ያየነው ከስድሳ ዓመት በፊት ነው፤ መቃውን በሰያፍ መቍረጥ፥ ጐኖቹን ማቅጠን፥ ጫፉን በመካከል መሰንጠቅ፥ በመጨረሻም አፉን ቀጥ አድርጎ መከርከም ነው። የመጀመሪያዋ ብርዕ ስንጥቋ አልፎ ሄዶ ተበላሸች። ሁለተኛዋ ትንሽ ወፍራም ብትሆንም ቀለም ያዘች፤ በእርሷም የአባታችንን ስም ጻፍን።